የሌዎናርድ ኦይለር ሕይወትና የሰባቱ ድልድዮች ጥያቄ

ከሚዛን ተፈሪ ተነሥቶ በቦንጋ በኩል ጅማ የሚደርስ፥ ከጅማም በአጋሮና በበደሌ አልፎ መቱንና ጎሬን አይቶ፥ ከዚያ በማሻና በቴፒ አድርጎ ወደ ሚዛን የሚመለስ መንገደኛ የደቡብ ምዕራብን የቡና አገር ዞሮ አየ ማለት ነው። መንገዱ ዙሪያውን ስለሚገጥም የሄደበትን ሳይደግም ቤቱ ይገባል። ነገር ግን ይህ መንገደኛ የመንገድ ሥራ ተቈጣጣሪ ቢሆንና፥ ከሚዛን ወደ በበቃ የቡና እርሻ የሚወስደውን፥ ከቴፒም ወደ ሜጢ የሚሄደውን መንገድ ጨምረህ፥ እያንዳንዱን መንገድ አንድ ጊዜ ብቻ ሄደህበት ሥራህን ጨርስ ተብሎ ቢታዘዝ ትእዛዙን መፈጸም ይችላልን? በዚህ አገር ሌሎችም መንገዶች እንዳሉ አንባቢ ያውቃል፤ ለምሳሌያችን ግን እነዚህ 11 ከተሞችና ቦታዎች፥ እነዚህም 11 መንገዶች ይበቁናል።

ነገሩ ሲሰሙት የልጆች እንቆቅልሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ በኮምፒዩተር ፕሮግራም ውድድር የሚካፈሉ ተማሪዎች ከሚጨነቁባቸው ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነው። በዓለም አቀፉ የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ሦስት ተማሪዎች አንድ ኮምፒዩተር ተሰጥቷቸው ለ5 ሰዓት ይታገላሉ፤ ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችም ቡድኖች በዚሁ ውድድር ተሰልፈዋል። በ1999 ዓ.ም. ተቋቁሞ በሚዛንና በቴፒ በሚያስተምረው ዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድ ወጣት ከላይ ያለው ጥያቄ ደረሰው እንበል። አስቀድሞ የሚታየው ዘዴ ኮምፒዩተሩ የሚቻለውን አካሄድ ሁሉ አንድ በአንድ እንዲሞክር ማዘዝ ነው። ቦታዎቹ 11 ሲሆኑ ይህ ይሠራል። መቶ ወይም ሺህ ሲሆኑ ግን የአካሄዱ ብዛት ከቍጥር ያልፍና መልሱ ሳይመጣ ሰዓቱ ያልቃል። ያን ጊዜ ወጣቱ ወደ ጓደኛው ወይም ወደ መምህሩ ዞሮ እርዳታ ይለምናል። ዛሬ ታሪኩን የምናወጋለት ሊቅ የዚህን ጥያቄ ቍልፍ ያገኘው የዛሬው ኮምፒዩተር ከመፈጠሩ ከ200 ዓመት በፊት ነው። እርሱም ቢሆን መጠየቅንና መጠየቅ መቻልን ከልጅነቱ የተማረ ሰው ነበር።

ሌዎናርድ ኦይለር የተወለደው በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አፕሪል 15 ቀን 1707 ነው። (ከዚህ በታች ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስታውስልን።) አባቱ ጳውሎስ ኦይለር የፕሮቴስታንት ቄስ፥ እናቱም የቄስ ልጅ ነበሩ። ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ቤተ ሰቡ በባዝል አጠገብ ወደምትገኘው ወደ ሪኸን መንደር ተዛወረ። አባትየው በወጣትነቱ የታላቁን የሒሳብ ሊቅ የያዕቆብ ቤርኑሊን ትምህርት የተከታተለ ስለ ነበረ፥ ለልጁ የመጀመሪያውን ሒሳብ ያስተማረው ራሱ ነው። ምኞቱ ግን ልጁ እንደ እርሱ ቄስ እንዲሆንለት ነበር።

ኦይለር በ13 ዓመቱ የባዝል ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዚያም የያዕቆብ ቤርኑሊ ታናሽ ወንድም ዮሐን ቤርኑሊ የሒሳብ መምህር ነበረ፤ በዚያን ጊዜ በአውሮፓ ከሚጠቀሱት ሊቃውንት ከፊተኞቹ አንዱ እርሱ ነው። ልጁ ለብቻው እንዲያስተምረው ለመነው። መምህሩ ጊዜ የለኝም ብሎ እንቢ አለ፤ ነገር ግን ፈጽሞ አላባረረውም። ከበድ ያሉ መጻሕፍት መርጦ ነገረውና፥ ለብቻው እያነበበ ያልገባውን ብቻ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ይዞ እንዲመጣ ፈቀደለት።

ይህ ፈቃድ ከብዙ ሰዓት ትምህርት የበለጠ ጥቅም ያለው ሆነ። ኦይለር መምህሩን በከንቱ ላለማድከም ሳምንቱን ሙሉ ከመጽሐፉ ጋር ይታገልና ለቅዳሜ የሚተርፉትን ጥያቄዎች ጥቂት ለማድረግ ይጥር ነበር። አንዷ ቋጠሮ ስትፈታለት ደግሞ ሌሎች ዐሥር ቋጠሮዎች አብረው እንደሚፈቱ ከብዙ ዓመት በኋላ የሕይወቱን ታሪክ ሲያጽፍ አስታውሷል። በእኛም አገር በቅኔ ቤት ደቀ መዝሙሩ ቀኑን ሲቈጥር የዋለውን ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል እንጂ ባዶ እጁን ሄዶ ቅኔ ስጡኝ አይልም። የሁለቱ አገር ሥርዓት ሳይተዋወቅ መመሳሰሉ ያስደንቀኛል። ባልንጀራውን መልሱን ንገረኝ ከሚል ተማሪና እስከዚህ ድረስ ሠርቼ እዚህ ላይ ቆምሁ ከሚል ተማሪ መካከል የትኛው ቶሎ እንደሚረዳ የፕሮግራም ውድድር የሚያሠለጥን ሁሉ ያውቀዋል።

የልጁን ተሰጥኦ ያየው ዮሐን ቤርኑሊ አባትየውን መክሮ፥ ኦይለር ቅስናውን ትቶ ሒሳብ እንዲማር አስፈቀደለት። ወጣቱ በ20 ዓመቱ የፓሪስ አካዳሚ ስለ መርከብ ምሰሶ አተካከል ባወጣው ውድድር ገብቶ ምስጋና አገኘ። ባሕር የሌለው አገር ልጅ መሆኑን ልብ ይሏል። በዚያው ዓመት በባዝል ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህርነት ቦታ አመልክቶ ሳይሰጠው ቀረ።

ባዝል ያልሰጠችውን ሥራ ሩስያ ሰጠችው። ታላቁ ጴጥሮስ በሴንት ፒተርስበርግ ባቋቋመው የሳይንስ አካዳሚ ውስጥ የመምህሩ የዮሐን ቤርኑሊ ልጅ ዳንኤል ይሠራ ነበርና እርሱ አስጠራው። የተጠራው ለሕክምናው ክፍል ስለ ነበር ወጣቱ ሳይታክት የሕክምና መጻሕፍት ማንበብ ጀመረ። በ1727 እዚያ ሲደርስ ግን ነገሩ ተለወጠና ወደ ሒሳቡ ክፍል ገባ። በ1731 የፊዚክስ፥ በ1733 ደግሞ ዳንኤል ወደ አገሩ ሲመለስ በእርሱ ቦታ የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1734 የሠዓሊ ልጅ የሆነችውን ካታሪና ግዜልን አገባ። ከወለዷቸው 13 ልጆች ከሕፃንነት ያለፉት 5 ብቻ ናቸው።

እንግዲህ ወደ ድልድዮቹ እንምጣ።

ዛሬ በሩስያ ግዛት ካሊኒንግራድ በምትባለው፥ በዚያን ዘመን የፕሩስያ በነበረችው በኬኒግስበርግ ከተማ ፕሬጌል የሚባል ወንዝ ያልፋል። በመካከሉ ክናይፕሆፍ የምትባል ደሴት አለች፤ ወንዙም በዚያ በሁለት ስለሚከፈል ከተማው አራት የየብስ ክፍል ይሆናል። አራቱን ክፍሎች ሰባት ድልድዮች ያገናኟቸው ነበር። የከተማው ሰዎች በእያንዳንዱ ድልድይ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተሻግሮ ሁሉንም ማዳረስ ይቻል እንደ ሆነ ይጠያየቁ ነበር። የተሳካለት አልተገኘም፤ አይቻልም ብሎ በማስረጃ ያረጋገጠም አልነበረም።

ኦይለር ይህን ጥያቄ ሰምቶ መፍትሔውን ለአካዳሚው ያቀረበው በኦገስት 1735 እንደ ሆነ ተመዝግቧል። በማርች 1736 ደግሞ የዳንዚግ ከተማ ከንቲባ በመባል የሚታወቀው ካርል ኤለር ደብዳቤ ጻፈለት። ኤለር ለራሱና በዚያው ከተማ የሒሳብ መምህር ለነበረው ለወዳጁ ለሃይንሪኽ ኪውን ብሎ፥ የድልድዮቹን መፍትሔ ከነማረጋገጫው እንዲልክላቸው ለመነ፤ የድልድዮቹንም አቀማመጥ ሥዕል አብሮ ሰደደ። የሥራ ብዛት የሚያስጨንቀው ሹም ለእንቆቅልሽ ጊዜ ማግኘቱ ደስ ያሰኛል። ከዚህም በላይ ደስ የሚያሰኘው መልሱን ብቻ ሳይሆን የመልሱን ምክንያት መጠየቁ ነው።

የኦይለር መልስ ግን በመጀመሪያ ጥቂት ቀዝቀዝ ያለ ነበር። ነገሩ በማመዛዘን ብቻ የሚፈታ ስለ ሆነ ከሒሳብ ጋር እምብዛም ዝምድና የለውም፤ ስለምን ከሌላው ሰው ይልቅ ከሒሳብ ሊቅ እንደሚጠበቅ አልገባኝም የሚል አሳብ ነበረው። በዚያው ወር በቪየና የቤተ መንግሥት የከዋክብት ተመራማሪ ለነበረው ለማሪኖኒ ሲጽፍ ግን ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ጂኦሜትሪም አልጀብራም ሊፈቱት ስለማይችሉ ልብ ሊባል የሚገባው መሆኑን ገልጧል። ሰው በአንድ ወር ውስጥ አንዱን ነገር ሲንቀውም ሲያደንቀውም ይገኛል።

መፍትሔውን ሲጽፍ አስቀድሞ የጠቀሰው ያንኑ የዛሬው ተማሪ የሚጀምርበትን ዘዴ ነው። አካሄዱን ሁሉ ዘርዝሮ የሚሆነውን መምረጥ ይቻላል፤ ነገር ግን አድካሚ ነው፥ ድልድዮቹም ሲበዙ ከንቱ ይሆናል ብሎ ተወው። ከዚያ አራቱን የየብስ ክፍሎች በአራት ፊደላት ሰየማቸው። የድልድዩ ርዝመት፥ የመንገዱ መጣመም፥ የደሴቲቱ ስፋት ሁሉ ቀረ። አንድ መንገደኛ ያለፈባቸውን ቦታዎች ፊደላት በተራ ቢጽፍ፥ ሰባት ድልድይ ሲሻገር ስምንት ፊደል ይጽፋል፤ የተነሣበት አንድ፥ ከዚያም በየድልድዩ አንድ አንድ ነውና። እንግዲህ ደሴቲቱ አምስት ድልድይ አሏት፤ በአምስቱም ለመሻገር ፊደሏ ሦስት ጊዜ መጻፍ አለበት። የቀሩት ሦስት ክፍሎች እያንዳንዳቸው ሦስት ድልድይ አሏቸው፤ ፊደላቸው ሁለት ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ሲደመር ዘጠኝ ይሆናል። ቦታው ግን ስምንት ብቻ ነው። ስለዚህ አይቻልም። ነገሩ በዚህ አለቀ፤ አንድ ሰው እግሩን ሳያነሣ በወረቀት ላይ ተፈታ።

አሁን ወደ ቡናው አገር ብንመልሰው ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ወደ አንድ ቦታ የገባ ሰው መውጣት አለበት፤ ስለዚህ በየቦታው የሚገናኙት መንገዶች ሁለት ሁለት ሆነው ይቈጠራሉ፤ አንድ የመግቢያ፥ አንድ የመውጫ። መንገዱ ጎዶሎ ቍጥር የሆነበት ቦታ፥ ማለት ለሁለት እኩል የማይከፈል የሆነበት፥ ወይ መነሻ ወይ መድረሻ መሆን አለበት። መነሻ አንድ ነው፤ መድረሻም አንድ ነው። በመሆኑም ጎዶሎ ቦታ ከሁለት ከበለጠ አለቀለት። ሚዛን ላይ የቦንጋ፥ የቴፒና የበበቃ መንገዶች ይገናኛሉ፤ ሦስት ናቸው። ቴፒ ላይ የሚዛን፥ የማሻና የሜጢ፤ እነዚህም ሦስት ናቸው። በበቃ አንድ፥ ሜጢም አንድ። አራት ጎዶሎ ቦታዎች ተገኙ፤ ተቈጣጣሪያችን ትእዛዙን መፈጸም አይችልም፤ የሚችል መስሎት ነዳጅ ቢያቃጥል ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፥ የአዛዡ ነው። የሜጢውን መንገድ ብንተውለት ግን ጎዶሎ ሆነው የሚቀሩት ሚዛንና በበቃ ብቻ ናቸውና፥ ከበበቃ ተነሥቶ ሁሉን አዳርሶ ሚዛን ላይ ይጨርሳል።

ለውድድር የሚዘጋጅ ተማሪ እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳይዘነጋ። ቍጥሩ ብቻ አይበቃም፤ መንገዶቹ ሁሉ እርስ በርሳቸው የተያያዙ መሆን አለባቸው። ከሌላው ተነጥሎ ብቻውን የሚዞር መንገድ ካለ ቍጥሩ ሁሉ ተጋማሽ ሆኖ ሳለ ጉዞው አይሳካም። ብዙ ፕሮግራም በፈታኞች ፊት የሚወድቀው በዚህች ምክንያት ነው። ይህን ሁሉ መርምሮ ለመጨረስ 100,000 መንገድ ያለበት ካርታ እንኳ ቢሰጠው ኮምፒዩተር አንድ ሰከንድ አይፈጅበትም።

ጎዶሎ ቦታ በሌለበት ወይም ሁለት ብቻ በሆነበት ጉዞው በርግጥ እንደሚቻል ኦይለር ተናገረ እንጂ ማረጋገጫውን በሙሉ አልሰጠም። እርሱን የሰጠው ካርል ሂርሆልትሰር የሚባል ጀርመናዊ ወጣት ነው። እርሱም አሳቡን ለባልደረቦቹ በቃል ነግሮ ሳይጽፈው በ1871 ገና በ30 ዓመቱ ሞተ። ወዳጆቹ የሰሙትን አስታውሰው በ1873 በስሙ አሳተሙለት። ዘዴው ቀላል ነው፤ ከአንድ ቦታ ተነሥተህ ያልሄድህበትን መንገድ እየመረጥህ ዞረህ ወደ ተነሣህበት ተመለስ፤ ሳይነካ የቀረ መንገድ ያለበት ቦታ ካገኘህ ከዚያ ሌላ ዙር ዙርና በፊተኛው ዙር መካከል ቀጥለው። ተማሪዎች ዛሬ በፕሮግራም የሚጽፉት አልጎሪዝም ይህ ነው፤ ስሙም የዚያው ወጣት ስም ነው። በነጥብና በመስመር የሚሣለው ግራፍ ደግሞ ኋላ የመጣ ነው፤ ኦይለር ለድልድዮቹ አልሣለውም።

የድልድዮቹ ጽሑፍ በ1741 ታትሞ ሲወጣ ኦይለር ከሩስያ ተነሥቶ ወደ በርሊን ሄደ፤ የፕሩስያው ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክ ጠርቶት ነበርና። ቀደም ብሎ በ1738 ከታመመ በኋላ የቀኝ ዐይኑ ብርሃን ጠፍቶ ነበር። በበርሊን 25 ዓመት ተቀመጠ፤ ሥራውም እንደ ጐርፍ ነበር። ንጉሡ ግን ቀልድና ፍልስፍና አዋቂ ሰው በገበታው ዙሪያ ይወድ ስለ ነበር፥ ዝምተኛውንና ሃይማኖተኛውን ሊቅ አልወደደውም፤ በአንድ ዐይናነቱም ያፌዝበት ነበር። የንጉሡ ቀልድ የሒሳቡን ሥራ አንድ ቀን እንኳ አላስተጓጐለውም።

በዚያው በበርሊን በ1759 ሌላ ዓይነት የመንገድ ጥያቄ አነሣ። የሰንጠረዥ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ፈረሱ እንዴት እንደሚዘል ያውቃል። ፈረሱ 64ቱን ቤቶች እያንዳንዳቸውን አንድ ጊዜ ብቻ ረግጦ እንዲያዳርስ ማድረግ ይቻላልን? ኦይለር ይህ የሚሆንበትን ዘዴ አሳየ። ልዩነቱን እናስተውል፤ የድልድዮቹ ጥያቄ መንገዱን ሁሉ ስለ መሄድ ነው፤ የፈረሱ ጥያቄ ግን ቦታውን ሁሉ ስለ መርገጥ ነው። የመንገድ ተቈጣጣሪው የፊተኛው ሰው ነው። ከሚዛን ተነሥቶ በየቡና ማጠቢያው አንድ አንድ ጊዜ ደርሶ መመለስ የሚፈልገው የቡና ነጋዴ ግን የሁለተኛው ነው። ጥያቄዎቹ መንታ ይመስላሉ፤ ዳሩ ግን ለፊተኛው መንገድ መቍጠር ሲበቃ፥ ለሁለተኛው በማንኛውም ካርታ ላይ ፈጥኖ የሚሠራ ደንብ እስከ ዛሬ አልተገኘለትም። የደረሰው ጥያቄ ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ ሳይለይ ፕሮግራም መጻፍ የጀመረ ተወዳዳሪ 5 ሰዓቱን በከንቱ ይፈጃል።

በ1766 ኦይለር የታላቂቱን ካትሪን ጥሪ ተቀብሎ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተመለሰ። ወዲያው የቀረው ዐይኑም በሞራ ተጋረደ። በ1771 ተሰንጥቆ ለጥቂት ቀን አየ፤ ቍስሉ አመርቅዞ ዳግመኛ ጨለመ። በዚያው ዓመት በከተማው በተነሣው ቃጠሎ ቤቱ ሲነድ ከባዝል የመጣ አንድ የእጅ ሥራ ሰው እሳቱ ውስጥ ገብቶ ተሸክሞ አወጣው፤ ከጽሑፎቹም አብዛኞቹ ተረፉ። በ1773 ሚስቱ ሞተች።

አንባቢ ሥራው እዚህ ላይ የቆመ ሳይመስለው አይቀርም። ነገር ግን ኦይለር ከጻፈው ሁሉ ግማሽ ያህሉን የሠራው ከታወረ በኋላ ነው። የሮማዊውን ባለቅኔ የቨርጂልን ታላቅ ግጥም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሉ ይዞት ነበር፤ ሒሳቡንም እንዲሁ በልቡ ይሠራዋል። ዐይናቸውን አጥተው ጉባኤ ዘርግተው የሚያስተምሩ የኔታዎችን ላየ ለአገራችን ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። የአልጀብራ መጽሐፉን ያጻፈው ከበርሊን አብሮት ለመጣ አንድ የልብስ ሰፊ ልጅ አገልጋይ ነው፤ ያ ልጅ ምንም ሒሳብ ሳያውቅ ጀምሮ መጽሐፉ ሲያልቅ ከባድ ጥያቄ ለብቻው የሚፈታ ሆነ።

በዚህ ዘመን እርዳታ ለማኙ ኦይለር ራሱ ነበር። ዓይን የሚሆኑት ወጣቶች በዙሪያው ነበሩ፤ ልጁ ዮሐን አልብሬኽት፥ ክራፍት፥ ሌክሰል፥ በ1773 ከባዝል የመጣው ወጣቱ ኒኮላስ ፉስ። እርሱ አሳቡን ይነግራቸዋል፤ እነርሱ ያሰላሉ፥ ይጽፋሉ፥ መልሰው ያነቡለታል። በአንድ በ1775 ዓመት ብቻ በየሳምንቱ አንድ ጽሑፍ ያህል ከዚያ ክፍል ወጣ።

ሴፕቴምበር 18 ቀን 1783 ጠዋት ለልጅ ልጁ ሒሳብ አስተማረ። በዚያ ዓመት ፈረንሳዮች ወደ ሰማይ ያወጡት ፊኛ እንዴት እንደሚበር በሰሌዳ ላይ አሰላ። በምሳ ላይ ከሁለት ዓመት በፊት ስለ ተገኘችው ፕላኔት ስለ ኡራኑስ አካሄድ ከሌክሰል ጋር ተነጋገረ። ከቀትር በኋላ ከልጅ ልጁ ጋር ሲጫወት ደም በአንጎሉ ፈሰሰ፤ ራሱን ሳተ፤ በዚያው ሌሊት ዐረፈ። ዕድሜው 76 ዓመት ነበር።

የፒተርስበርግ አካዳሚ እርሱ ትቶት የሄደውን ጽሑፍ ማተሙን ለመጨረስ 50 ዓመት ያህል ፈጀበት። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ጉስታፍ ኤኔስትረም የሚባል ስዊድናዊ ሥራዎቹን ሁሉ ቈጥሮ ዝርዝር ሲያወጣ 866 አገኘ። በዚያ ዝርዝር ውስጥ የሰባቱ ድልድዮች ጽሑፍ ቍጥሩ 53 ነው።